ከአንድ እስከ ሰባት

ፈርዋንያ፣ የነሐሴ ወር፤ ሌሊቱ ራሱ ያልበዋል፣
የሆስፒታሉ አንሶላ በጋሪ፣ በጋሪ ይገባል፤
ሕመምተኛ የተገላበጠበት፣ አራስ የደማችበት፣
ጎህ ሳይቀድ ነጭ ሆኖ፣ ተጣጥፎ የሚወጣበት
ምድር ቤት።

ዶክተር ሙኒራ መጣች፣ ወረቀቷን ይዛ በክንዷ፣
እኔም ከኋላ፣ አስተርጓሚዋ፣ ቃል ተሸካሚ በመንገዷ።
«ቀን የሚሠሩት በየሳምንቱ ይቀራሉ፣ ይታመማሉ፤
ሌሊት የሚሠሩት ግን» አለች «አንድ ሳይጎድሉ ይመጣሉ።
ደመወዙ ያው፣ ማሽኑ ያው፣ ሙቀቱም ያው ሆኖ ሳለ
በአለቃዋ ካልሆነ በቀር፣ ልዩነቱ በምን አለ?»
ሠላሳ ስድስት ጥያቄ፤ መልሱ ከአንድ እስከ ሰባት፤
አንዱ «ፈጽሞ»፣ ሰባቱ «እጅግ»፤ መሐሉን ሰው ይወቅበት።

«አለቃሽ ራእይ አላት?» ብዬ ተረጎምኩላቸው።
ሽታዬ ሳቀች፣ አያንቱም፤ አንሶላው ወደቀ ከእጃቸው።
«ሌሊት ነው እኮ የምንሠራው፤ ራእይ ካየች ተኝታለች!
ጻፊ፣ እህቴ፣ አንድ በይ፤ ሸምሲያ ዐይኗን መች ከድናለች?»
«ታነሳሳሻለች?» አልኳት ብርዛፍን፣ ከቀጣዩ ረድፍ።
«እንቅልፍ ሲያንጎላጀኝ፣ ታነሳኛለች፤ በክርኗ ጫፍ።»

ወረቀቱ ያልጠየቀውን ጥግ ቆሜ እኔ ሰማሁ።
የሽታዬ አባት ያረፈ ዕለት ሦስት መቶ አንሶላ ድርሻዋን
ሸምሲያ አጠፈችላት በዝምታ፣ ጨርሳ የራሷን።
ማድረቂያው የተቃጠለ ቀን፣ ሥራ አስኪያጁ ሲጮህ በቁጣ
«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለች እንጂ የማንም ስም ከአፏ አልወጣ።
አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ደግሞ፣ እናቶች አገር ቤት ሲነሱ፣
ማሽኑን ታቆማለች፦ «ስልክ! አሥር ደቂቃ፤ የራሳችሁ ነው እሱ።»
በማን ፈቃድ? አልጠየቅሁም።
ዶክተሯ ግን ይህን ስነግራት ከወረቀቷ ዳር ጻፈች፣
«የራሳችሁ» የምትለዋን ቃል ሁለቴ አሰመረችባት፤ ዝም አለች።

የመጨረሻው ቅጽ የሸምሲያ ነው፤ ለአለቆች የተለየ።
«በጠቅላላው በሕይወትሽ ምን ያህል ደስተኛ ነሽ?»
እዚህ ላይ እስክሪብቶው ቆየ።
«ዛሬን ነው?» አለች። «አይደለም፤ በጠቅላላው ነው የሚለው።»
«በጠቅላላው ኖሬ አላውቅም፤ እኔ የምኖረው በየቀኑ ነው።»
አራትን ከበበች። ሳትሰጠኝ ቆየች።
ከማሽኑ ወዲያ አያንቱ በስልክ እየጮኸች ሳቀች፤
ታናሽ ወንድሟ ፈተናውን አልፎ፣ ያውም በከፍተኛ ውጤት፤
ሸምሲያ ቀና አለች፣ አራቱን ሰርዛ አምስት አደረገችበት።

«በሠራተኛዋ ሳቅ?» አለች ዶክተሯ። «በሳቋ» አልኩ።
«ታዲያ ይህን የት ልክተተው? በመሪነት ሠንጠረዥ
ወይስ በደስታ?»
እኔ ምን አውቄ። ወረቀቱን ሰብስቤ ሰጠሁ።

ወጣን። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፤
በባሕሩ በኩል ሰማዩ እንደ ታጠበ ጨርቅ ይነጣል።
ሸምሲያ ደረጃው ላይ ቆማ ራስ በራስ ትቆጥራለች፤
እኔ ከበሩ ጎን፤ ዶክተሯ በመኪናዋ ሄዳለች።
ሠላሳ ስድስቱን ተረጎምኩ፤ አንዱንም ማንም አልጠየቀኝ።
ነገ ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ እሞላለሁ፤
አምስት ብዬ። ለተሰረዘው አራት ሳጥን የለውም።

አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።
«አሥራ ሦስት» አለች፣ ትከሻዬን በጣቷ ነክታ፤
«ግቢ እንጂ።» ገባሁ።
ከመስኮቱ ዳር ገና ይሞቃል፣
ሽታዬ የለቀቀችልኝ ቦታ።